ሦስት ሽማግሌና ዘይት የበዛበት ቱርቦ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ኢስትሊ አይተኛም የሚሉ ሰዎች ጎህ ሲቀድ አይተውት አያውቁም። እኔ አይቼዋለሁ። የልብስ ሱቆቹ በራቸውን ዘግተው፣ ጋሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው፣ መንገዱ የትናንቱን ካርቶን ለብሶ ለጥቂት ጊዜ ያንቀላፋል። ከዚያ የመጀመሪያው ማታቱ፣ የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሙዚቃውን ለቆ ይመጣና እንቅልፉ በዚያው ያበቃል።

ዛሬ ከማታቱው ቀድሜ ተነስቻለሁ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ኮት፣ ነጠላና ከዘራ ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ። ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ወንድሙ እባላለሁ፤ እዚሁ ኢስትሊ የሀገር ልብስና ቅመም እሸጣለሁ፤ ወሬ ስለምወድ ደግሞ አንዳንዴ የሄድኩበትን መንገድ እዚህ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። የዛሬው መንገድ ለሽርሽር አይደለም። የእህቴን ልጅ ዳዊትን ልንድር ለሽምግልና ወደ ናይቫሻ እየሄድን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳዊት እዚህ ናይሮቢ ነው ያደገው፤ ጊጊሪ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይሠራል። የሚወዳት መክሊት የአቶ በላቸው ልጅ ናት። አቶ በላቸው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በሞያሌ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ አሁን ናይቫሻ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ባለፈው ዳዊት ለሰላምታ ብሎ ኬክ ይዞ ሄደ። በር ላይ ደረሰ፣ መኪናውን ቀጥ አደረገ፣ ሞተሩን ድርግም አድርጎ አጠፋና ዘሎ ወረደ። አቶ በላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ኬኩንም በልቷል። ማታ ግን መክሊትን ጠርቶ፣ «ይሄ ልጅ ይቸኩላል። ቱርቦ ያላት መኪና ያን ሁሉ መንገድ ሮጣ መጥታ እንዲህ ትጠፋለች? መኪናውን የማያሳርፍ ሚስት ያሳርፋል?» አላት።

መጀመሪያ የላክናቸው ሽማግሌዎችም «እናስብበት» ተብለው ተመለሱ። አሁን አቶ በላቸው ቀጠሮ የሰጠን ለዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ነገ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ይገባል፣ ከፋሲካ በፊት አይመለስም። መክሊት ያለ አባቷ ምርቃት አንድ እርምጃ አልሄድም ብላለች። ያ ማለት እንግዲህ፣ ወይ ዛሬ ወይ እግዚአብሔር ያውቃል።

ወሬው በናይሮቢ ሐበሻ ዘንድ ከተሰማ ጀምሮ ሁሉም ሰው የቱርቦ አዋቂ ሆኗል። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ወሬው ቱርቦ ብቻ! «ቱርቦ ዘይት ይወዳል» ሲባል እኔም ሰማሁ። ስለዚህ ዳዊት ኮፈኑን ከፍቶ ለመስታወት ማጠቢያው ውኃ ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ፣ ትናንት ገዝቼ የደበቅኳትን አንድ ሊትር ዘይት ከነጠላዬ ሥር አወጣሁና ግልብጥ! ክዳኑን ዘጋሁ፣ እጄን ጠረግሁ፣ ዝም አልኩ። አጎት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሳያወራ የሚሠራ።

ቀጥለን ሐጂ ሰዒድን ጫንን። ሐጂ የወሎ ሰው ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ጎረቤቴ ነው። መኪናዋ ያደረችው በእሱ ግቢ ስለነበር ሲገባ፣ «እንዴት አደረች?» ብሎ ስለ መኪናዋ ጠየቀ፤ ስለ እኛ አልጠየቀም።

«ሐጂ፣ መንገዱ እንዳይረፍድብን» አልኩት።

«ቀስ በል ወንድሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ፀሐይ ስትወጣ፣ ፓርክላንድስ

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ተኮላ ፓርክላንድስ ምግብ ቤት አለው። ለሻይ ካልገባችሁ አልሄድም አለ። ገባን። ትኩስ ማንዳዚ የሚሉት ብስኩት፣ ወተት የበዛበት ሻይ፣ ከዚያ ደግሞ ሳይጠየቅ የመጣ ፍርፍር። ዳዊት ሰዓቱን እያየ ይጎርሳል። ጋሽ ተኮላ ግን አብሮን አልተቀመጠም፤ «መነጽሬን መኪናዋ ውስጥ ረሳሁ» ብሎ ከዳዊት ቁልፍ ወስዶ ወጣ። ገና ያልገባባት መኪና ውስጥ መነጽር እንዴት እንደሚረሳ ያን ጊዜ ማናችንም አልጠየቅንም። ፍርፍሩ ጥሩ ነበር።

ልጁ ራሱ እየነዳ መሄዱ ወግ አይደለም፤ አውቃለሁ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ሐጂ ዓይኑ ደክሟል፣ ጋሽ ተኮላ ደግሞ የሚነዳው አውቶማቲክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዊት በር ላይ አውርዶን ውጭ መኪናው ውስጥ እንዲጠብቅ ተስማማን። ቢሆንም ልጁ አዲስ ግራጫ ሱፍ ለብሷል።

«ለማን ነው የለበስከው? መኪና ውስጥ አይደል የምትቀመጠው?» አለው ሐጂ።

«ጀስት ኢን ኬዝ፣ ሐጂ» አለ ዳዊት እየሳቀ።

ዋያኪ ዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ ወጣን። ቦዳ የሚሏቸው የኪራይ ሞተር ሳይክሎች በግራ በቀኝ ይሽሎከለካሉ፤ አንዱ ላይ ሦስት ሰውና አንድ በር ተጭኗል። የእንጨት በር። እኔ ፊት ወንበር ነኝ። ዳዊት የሚነዳበት ሁኔታ ተለውጧል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አላስጮኸውም፣ ማርሹን በለሆሳስ ነው የሚቀይረው።

«ያ ነገር አስተምሮኛል አጎቴ። ቱርቦ ማለት እኮ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር ትንሽ መዘውር ነው። ዘንጉ ዘይት ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ዘይቱ ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ይመጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ በወፍራም ቱቦ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩን ድንገት ካጠፋኸው ዘይቱ ይቆማል፣ መዘውሩ ግን ገና እየዞረ ነው፣ በጋለ ብረት ላይ የቀረው ዘይት ያርራል። ትንሽ ቆሞ እንዲሠራ ከተውከው ግን ይበርድና በሰላም ይተኛል።»

«ዘይቱስ? በቂ ነው?» አለ ጋሽ ተኮላ ከኋላ።

«ትናንት ማታ ለክቼዋለሁ። ልክ ነው። ሳዋ ሳዋ» አለ ዳዊት በስዋሂሊም እየደገመ።

ከኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ረክተው ፈገግ ሲሉ በመስታወቱ አየሁ። እኔም ፈገግ አልኩ። እያንዳንዳችን ለምን ፈገግ እንዳልን የምናውቀው ለየብቻችን ነበር።

ረፋድ፣ ሊሙሩ፣ ዳገቱ ላይ

ሊሙሩ ስንደርስ ጉም ተቀበለን። የሻይ ቅጠሉ እርሻ አረንጓዴነቱ ዓይን ያጠግባል። ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። ብርዱ ናይሮቢን ያስረሳል። ሐጂ፣ «ይሄ እኮ ደሴ ነው» እያለ መስኮቱን ከፍቶ አየሩን ይስባል፣ ጋሽ ተኮላ «ዝጋው፣ ወገቤን!» ይላል። ሙሽራ ልናመጣ ነው፣ ጠግበናል፣ መንገዱ ያምራል። ምን ይጎድላል? ለአቶ በላቸው የማደርገውን ንግግር ጮክ ብዬ መለማመድ ጀመርኩ። «ዛፍ ያለ ሥር፣ ቤት ያለ ምሰሶ...»

«ረዘመ» አለ ሐጂ።

«ገና መጀመሪያው ነው!»

«እሱን ነው የምልህ።»

ያኔ አንድ ቦዳ ነጂ በመስኮታችን አጠገብ መጥቶ ወደ ኋላ እየጠቆመ ጮኸ፤ «ምዜ! ሞሺ! ሞሺ!» ሽማግሌው፣ ጭስ ጭስ ማለቱ ነው። ዞር ብለን ስናይ፣ አይ ያንተ ያለህ! ከኋላችን መንገዱ የለም። ሰማያዊ ጭስ ብቻ። አንድ የጭነት መኪና ከጭሱ ውስጥ መብራቱን አብርቶ እየተርበደበደ ወጣ። መኪናችን ውስጥም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባ።

የዳዊት ፊት አመድ መሰለ። «ቱርቦው ነው» አለ። «ያኔ በችኮላ ያጠፋሁት... አቃጥዬዋለሁ ማለት ነው። ሞቷል።»

«አጥፋው! ቶሎ አጥፋው!» ጮህን ሦስታችንም።

እሱ ግን ፍጥነቱን ቀስ አድርጎ ቀነሰ፣ ወደ ዳር ወጣ፣ እዚያም ሞተሩን ትንሽ አሳርፎ ነው ያጠፋው። እኛ በዚህ መሐል ነጠላችንን እየጎተትን ወርደን፣ በሬ እንደጠፋበት ሰው ጭሱን እየዞርን እናያለን።

ሶኮ ምጂንጋ፣ የድንች ተራ

የቆምንበት ሶኮ ምጂንጋ ከሚባለው የመንገድ ዳር ገበያ ነው። የድንች ክምር፣ የጎመን ክምር፣ ካሮት ታጥቦ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበዋል። አራት ሽቅርቅር ሐበሻ በጭስ ታጅቦ ሲወርድ ገበያው በሙሉ ሥራውን አቆመ።

«ለመክሊት ልደውልላት?» አልኩ።

«ምን ልትላት? መኪናዋ ጨሰች ልትላት?» አለ ዳዊት። «አጎቴ፣ አባቷ ይሄን ከሰማ አለቀ። መኪና አያሳርፍም አላለም? ይኸው!» ድምፁ ተሰበረ። ልጁ ሲያለቅስ ያየሁት ሕፃን እያለ ነው፤ አሁን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ለእናቱ፣ ለእህቴ ለአስቴር ስልክ ደውዬ ምን ልላት ነው? ደሴ ተቀምጣ ስልኩን በእጇ ይዛ እየጠበቀች ነው።

ሐጂ የዳዊትን ትከሻ ያዘ። «አላህ ያውቃል፤ መጀመሪያ ክፈተው እስቲ።»

ዳዊት ኮፈኑን ከፈተ። «ዘይቱን በጭስ ማውጫው እየተፋ ከሆነ ውስጡ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው» እያለ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። አየው። ወደ ብርሃን አዞረው። እንደገና ጠርጎ ከተተው።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሞልቷል።»

«ተመስገን!»

«አይ፣ ሞልቷል ስልህ ተርፏል። ከምልክቱ እዚህ ድረስ አልፏል! ትናንት ማታ ልክ ነበር። አጎቴ፣ ዘይት እንዴት በራሱ ይጨምራል?»

የሁላችንም ዓይን ድንቹ ላይ ሆነ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እኔ... ጠዋት... ለመንገድ ብዬ ትንሽ...»

«ስንት?»

«አንድ ሊትር ብቻ። ቱርቦ ዘይት ይወዳል ሲሉ ሰምቼ።»

ዳዊት ራሱን ያዘ። «አንድ ሊትር ግን ይሄን ያህል አያደርስም» አለ ዘንጉን እንደገና እያየ። ጋሽ ተኮላ በዣንጥላው ጫፍ መሬቱን ይቆፍራል። «መነጽሬን ልፈልግ ስወጣ...» አለ። «እኔም አንዲት ሊትር።» ሦስታችንም ወደ ሐጂ ዞርን። ሐጂ ወደ ሰማይ እያየ ነው።

«ሐጂ?»

«ግቢዬ ያደረች እንግዳ ነች» አለ ሐጂ። «እንግዳ ጦሟን ታድራለች?»

መጀመሪያ የሳቀው ዳዊት ነው። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቁ ፈነዳ፣ ኮፈኑን ተደግፎ ሳቀ፣ እኛም ተከተልን። በል እንጂ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ እያልን ጎርሶ የጠገበን ሰው የምናጎርስ ሕዝብ፣ መኪናም አጉርሰን አነቅናት! ማር ሲበዛ ይመራል የሚለውን ተረት ስንቴ ለልጆች ነግሬያለሁ።

ቱርቦውም ደህና ነው። ዳዊት እንዳስረዳን፣ የሞተሩ ሆድ ከመጠን በላይ ስለሞላ ከቱርቦው የሚወርደው ዘይት መግቢያ አጣ፤ የሚወርድበት ቱቦ ታፈነ፤ ዘይቱም በጎን አምልጦ ወደ ጋለው ጭስ ማውጫ ገባና ተቃጠለ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ የተረፈውን መቀነስ። መፍቻ አለ። ዘይቱ የሚቀዳበት ዕቃ ግን የለም።

ይሄኔ ማማ ዋንጂኩ የምትባል ድንች ሻጭ፣ ነገሩ ሳይተረጎምላት ገብቷት፣ አሮጌ የብረት ገበታ፣ እነሱ ካራይ የሚሉትን፣ ይዛ መጣች። አንድ ቃል ግን አስገባችን፤ ዘይቱን እኔ እወስዳለሁ። የአጥሯን እንጨት ምስጥ እየበላባት ነው፣ ዘይት ሲቀባ ምስጥ አይቀርብም። ሐጂ ከአፏ ነጠቀና «ውሰጂው እናቴ፣ በረካ ይሁንልሽ» አላት።

ሞተሩ እስኪበርድ የተቀቀለ በቆሎ በላን። ከዚያ ዳዊት ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ከነነጭ ሸሚዙ መኪናዋ ሥር ገባ። ቡሎኑን ላላ አደረገ፣ ዘይቱ እንደ ክር ወረደ፣ አጠበቀ፣ ወጥቶ ለካ፣ እንደገና ገባ። ሁለቴ ሦስቴ። እኔ «በቃ፣ ረፈደብን እኮ!» ስል ከሥር ድምፁ መጣ፤ «ልክ ሲሆን ነው የሚበቃው፣ አጎቴ።»

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሳ። ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪቃጠል ትንሽ ጨሰና ጠራ። ገበያው አጨበጨበ። ማማ ዋንጂኩ አንድ ጎመን በመስኮት ወረወረችልን።

ናይቫሻ፣ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ

ከሸንተረሩ ጫፍ ስምጥ ሸለቆው ከነሙሉ ስፋቱ ተዘረጋ። ሎንጎኖት ተራራ ብቻውን ቆሟል፣ ከበስተጀርባው ሐይቁ ያንጸባርቃል። ሌላ ቀን ቢሆን አቁመን ፎቶ እንነሳ ነበር። ዛሬ ያቆመን የለም። ዳዊት ግን አልሮጠም፤ ቁልቁለቱን በማርሽ እየያዘ በልኩ አወረዳት። አርፍደናል፣ በጣም አርፍደናል።

አቶ በላቸው በር ላይ ወረድን። የዳዊት ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጥቁር ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። «እዚሁ ቁጭ በል፣ ማንም እንዳያይህ» አልኩት። ኮቱንም እላዩ ላይ ጣልኩለት።

ሳሎን ገባን። አቶ በላቸው ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሽበቱ የሚያምር ሰው ነው። «ቁጭ በሉ እንጂ» አለ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልን እንደ ወጉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። «ዛፍ ያለ ሥር፣ ቤት ያለ ምሰሶ...»

ሰውዬው ግን እኔን አይሰማም! ራሱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጓል። ውጭ ሞተሩ ገና እየሠራ ነው። ደህና ልጅ መስሎኝ ይሄ ልጅ ለምን አያጠፋውም ብዬ ተናደድኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ «ባል ያለ ሚስት!» አልኩ። አቶ በላቸው እጁን አነሳና ዝም አሰኘኝ። ሞተሩ ለስለስ ብሎ፣ በዝግታ እያጉረመረመ ቆየ። ከዚያ ጠፋ።

«አሳረፋት» አለ አቶ በላቸው ለራሱ። ተነሳና ምንም ሳይለን ወጣ።

ሦስታችንም ከነከዘራችን ወደ መስኮቱ ተንጋጋን። አቶ በላቸው መኪናዋን ዞረ፣ አየር በአፍንጫው ሳበ፣ ጭስ ማውጫውን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አየ። ዳዊት ደንግጦ ወርዶ ኮቱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆሟል።

«ዘይት አቃጥላለች» አለ አቶ በላቸው።

«አዎ ጋሼ። በዝቶባት ነበር። መንገድ ላይ ቀነስኩት።»

«ማነው ያበዛው?»

ዳዊት መሬት መሬት አየ። አንድ ቃል ቢናገር ነጻ ነው።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሳልለካ ጨመርኩ።»

«ሱብሃነላህ! ይሄማ አይሆንም!» አለ ሐጂ ከጎኔ፣ መጋረጃውን ገልጦ ራሱን በመስኮት አወጣ። «አቶ በላቸው! ውሸቱን ነው! እኛ ነን!»

«ሦስታችንም!» አልኩ በብብቱ ሥር።

«አንዳንድ ሊትር!» አለ ጋሽ ተኮላ።

አቶ በላቸው በመስኮት የወጡትን ሦስት ሽበታም ራሶች አየ። ወደ ዳዊት ዞረ፤ ጥቁር እጁን አየ፣ ጥቁር ሸሚዙን አየ። ከዚያ የሞያሌን መንገድ የጨረሰው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀ! መኪናዋን ተደግፎ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሲበቃው የዳዊትን ያንን ዘይታም እጅ አጥብቆ ያዘና እየመራ ሳሎን ይዞት ገባ። ፊታችን አቆመውና በቁጣ አየን።

«ልጄን ደጅ አቁማችሁ እኔን ምን ልትለምኑኝ ነው የመጣችሁት?»

ከጓዳ በኩል እልልታ ቀለጠ። የመጀመሪያው ድምፅ የመክሊት ነበር፤ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ያለው ማነው? እኛም ተቀመጥን። ንግግሬን የሰማው ሰው የለም፤ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ሲመሻሽ፣ እንደገና ኢስትሊ

በልተን፣ ጠጥተን፣ ተመርቀን ተመለስን። ስንነሳ የመክሊት እናት ለመንገድ ብላ ያልጫነችው ነገር የለም፤ አቶ በላቸው ግን ኮፈኑ አጠገብ ከዘራውን ይዞ ቆሞ፣ «እዚህ ማንም እንዳይደርስ!» እያለ ጠበቀን።

ጋሽ ተኮላን ፓርክላንድስ አውርደን፣ በመኪናና በሰው ግፊያ ተንፏቀን፣ ቤቴ ደጅ ደረስን። ዳዊት ቆመ እንጂ አላጠፋም። እኔና ሐጂም አልወረድንም። ባለቤቴ ከሰገነት ሆና፣ «ምን ሆናችሁ ነው? አልተሳካም እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ቱርቦው ይረፍ!» አልኳት።

ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ለአስቴር ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳችው። «እሺ?» ብቻ አለች። ዳዊት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ «እማዬ፣ የመክሊት አባት ‹ልጄ› አለኝ» አላት።

ከደሴ እልልታዋ መጣ። ባለቤቴ ከሰገነት ተቀበለቻት፣ ማዶ ያሉት የሶማሌ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አገዟቸው፣ አንድ ማታቱም ጥሩምባውን ነፋ። ሞተሩ ከሥራችን ቀስ እያለ ይሠራል። እልልታው ሲያልቅ ነው ዳዊት ቁልፉን ያዞረው።